ስለ አዲሱ ጄት መትረየስ በሳሎኔ ወለል ላይ የተደረገው ክርክር

ውድ እህቴ፤

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ላቃና። ሻለቃውን በምርኩዝ አልመታኋቸውም። ምርኩዜ የመታው ወንፊቱን ነው፤ ወንፊቱ ተንከባሎ የሻለቃውን ቅልጥም የነካው በራሱ ጊዜ ነው። ደም አልወጣም፣ አላበጠም፣ እርሳቸውም ሻያቸውን ሳይጨርሱ ከቤቴ አልወጡም። ከላይ ፎቅ የምትኖረው ጸጉር ሠሪ ደውላ የነገረችሽ ሁሉ ደርሶኛል፤ እሷ ለአንቺ፣ አንቺ ለልጅሽ፣ ልጅሽ ደግሞ ለኔ። አሮጊቷ ሰው መደብደብ ጀምራለች፣ ሁለት ጡረተኛ ወታደሮችን ሳሎኗ ሰብስባ ጦርነት ታጫውታለች፣ ልጅሽንም ዝቅ ብሎ ወደሚበረው አሮጌ አውሮፕላን ገፍታታለች ብላሻለች። ከሦስቱ እውነቱ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም መካከለኛው።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልግባ። እንደምን ሰንብተሻል? ያ ቀኝ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጮሃል ወይስ የሰጡሽ ቅባት ረዳሽ? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? የልጆችሽ አባት ሳሉ ለቀቃቸው? አማትሽ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ የሰው ፊት ይለያሉ ወይስ አሁንም ሁሉን በድምፁ ነው የሚያውቁት? እኔ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ጥርሴ እንደምታውቂው ነው፤ ምግብ ላይ እንጂ ንግግር ላይ አይቸግረኝም። የሚያሳስበኝ ስልኬን ማንሳት መተውሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የነበረውን እንደነበረ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቼን ሳትለኩ መቀስ አታንሱ እል ነበር፤ አንቺንም የምለምንሽ ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ አንብቢና ከዚያ ተቆጪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅሽ የአብራሪነት ትምህርቷን ጨርሳ ከምድቧ በፊት የተሰጣትን እረፍት እኔ ዘንድ አሳለፈች። አርብ ዕለት ለአለቃዋ አንድ ቃል መናገር ነበረባት፤ አዲሱን ተዋጊ ጄት፣ ወይስ ለእግረኛ ጦር ድጋፍ ተብሎ የተሠራውን፣ ቀርፋፋውንና ቆዳ ወፍራሙን አሮጌ አውሮፕላን። አንቺ አዲሱን እንድትመርጥ ፈለግሽ፤ ምክንያትሽም አልተሰወረኝም። አዲሱ የሚውለው ከደመና በላይ ነው። አሮጌው ግን ጣራ ለጣራ እየታከከ ስለሚሄድ ከመሬት የሚተኮስ ሁሉ ያገኘዋል። እናት ነሽና ከፍታውን መረጥሽላት። እኔም በልቤ ከአንቺ ጋር ነበርኩ፤ ይህን ጸጉር ሠሪዋ አልነገረችሽም። ልጅቷ ግን አፏን ዘግታ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ብቻ ዳቦዋን እየቆረሰች «አክስቴ፣ አዲሱም እኮ መትረየስ አለው። እግረኛው ተከብቤአለሁ ብሎ ቢጠራኝ በሱ እደርስለት ይሆን?» አለችኝ። ዕድሜዬን ስፌት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለ መርፌ እንጂ ስለ መትረየስ ምን አውቄ? ሻይ ቀዳሁላት። ጥያቄዋ ግን ከነከነኝ።

ሁለቱን ሰዎች ሳታስታውሻቸው አትቀሪም። ሃምሳ አለቃው በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ተከራይቶኝ የሚኖረው ነው፤ ዕድሜውን በእግረኛ ጦር የጨረሰ፣ ቀኝ ጆሮው የማይሰማ፣ ኮቱን ቤት ውስጥም የማያወልቅ። ሻለቃው ደግሞ ጡረታ የወጡ የተዋጊ ጄት አብራሪ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ይኖራሉ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ያበራል፣ እሑድ እሑድ ከሃምሳ አለቃው ጋር ዳማ ሊጫወቱ ይመጣሉ። ሃምሳ አለቃውን አንተ፣ ሻለቃውን አንቱ እላለሁ። ይህን ልብ በይልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ባለፈው እሑድ ሻለቃው ዳማውን ሳይዘረጉ ልጅሽን ከፊታቸው አስቀመጡና «ልጄ፣ አንድ ምክር ልምከርሽ» ብለው ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው አንቺ እንደደወልሽላቸው የገባኝ፤ ድምፃቸው መስታወት ፊት የተለማመደ ሰው ድምፅ ነበር። መትረየስ ያለፈ ዘመን ዕቃ ነው፣ አዲሱ ጄት ላይ የተደረገውም ለወጉ ያህል ነው፣ ዛሬ አብራሪ ከደመና በላይ ሆኖ ቦምቡን በመስኮት ያስገባል አሉ። ሃምሳ አለቃው በደህናው ጆሮው ሰምቷቸው ኖሮ «በየትኛው መስኮት? እኛ የተኛንበት ጉድጓድ መስኮት አልነበረውም» አለ። ሻለቃው «አንተ ዝም በል፣ አንተ የምታውቀው የታቹን ነው» ቢሉት «ጥያቄውም የታቹ ነው እኮ ሻለቃ! ድጋፉ የሚሰጠው ላይ ላለ ሰው ነው እንዴ?» ብሎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አልለየሁም። ልጅሽ አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ አየሁና ይህ እንዲህ አይሆንም አልኩ፤ የስፌት ክፍሌን እከፍትባትና እዘጋባት የነበረችውን የእጅ ደወል ከቁም ሳጥን አወጣኋት።

የኔን ትምህርት ቤት አንቺ አልደረስሽበትም፤ አንቺ ስትገቢ ዳይሬክተሯ አርፈው ሥርዓታቸውም አብሯቸው ቀርቶ ነበር። በሳቸው ዘመን ክርክር ሦስት ደወል ነበረው። በመጀመሪያው እያንዳንዷ የራሷን ጎን ትናገራለች። በሁለተኛው ጎን እንለዋወጣለን፤ አሁን የተቃወምሽውን አንቺው ራስሽ ትደግፊያለሽ፣ ያውም ከባለቤቱ አሳምረሽ። ያላሳመረች ቆማ ትውላለች። በሦስተኛው ሁሉም ወደ ጎኑ ይመለሳል፣ ዳኛዋም ፍርድ ትሰጣለች። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ያን ጊዜ የነገረን የለም፤ ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው እግሬን እንዳመመኝ ብቻ ነው። ሆኖም የተማርኩት ይህንኑ ስለሆነ ለሁለቱ ጡረተኞች አስረዳኋቸው። ሻለቃው ሳቁ። ሃምሳ አለቃው «ቲቸር፣ እኔን አስቁሞ ማዋል አያስፈራኝም፤ ዘብ ነበርኩ» አለ። ቲቸር አትበለኝ ብዬ ስንት ዘመኔ!

ወለሉን ታውቂዋለሽ፤ ግራጫ ንጣፍ ነው፣ አራት ማዕዘኑ የተስተካከለ። አንዱ ንጣፍ አሥር ሜትር ይሁን አልኩ፤ ያለ መለኪያ መከራከር ቤቴ ውስጥ የለም። በልብስ ጠመኔ ምሽግ ሠራሁ። ከቁልፍ ጣሳዬ ጥቁር ቁልፎች አውጥቼ የኛ እግረኞች፣ ነጮቹን ደግሞ ጠላት አደረግኳቸው። ጥቁሩ አንድ ጎደለ። ሃምሳ አለቃው ከኮቱ ላይ በክር ጫፍ ተንጠልጥላ የነበረችውን ቁልፍ ቦጨቀና ከሁሉ ፊት፣ ከነጮቹ አጠገብ አስቀመጣት፤ «ይቺ እኔ ነኝ» አለ። ልጅሽ የልብስ መቆንጠጫ አንስታ ጄት አደረገችው፣ ከምንጣፉ ጫፍም ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ደወል መታሁ።

ሻለቃው ቦምባቸውን እንዲያሳዩ ስላቸው ወንፊቴን ከወጥ ቤት አመጡ። «የትንሿ ቦምብ ፍንጣሪ የሚደርሰው እስከዚህ ነው» ብለው በነጮቹ ቁልፎች ላይ ደፉት። የወንፊቱ ክብ ነጮቹን ብቻ ሳይሆን ጥቁሮቹንም እኩሌታ ዋጣቸው። ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት፤ አሁን ጥቁሮቹ ዳኑ፣ ግን ከነጮቹ ብዙዎቹ አመለጡ። ሃምሳ አለቃው «ጠላት እንዲህ ቢርቅልኝ ምን ቆርጦኝ እጠራዎታለሁ?» አለ፤ የሻይ ብርጭቆውንም ጨልጦ ነጮቹ ላይ በአፉ ደፋው። «የመትረየስ ጥይት የሚያርፈው በዚህ ውስጥ ነው። ነጩን ይነካል፣ እኔን ይተወኛል። አንድ ክንድ በሚያህል ልዩነት ሞትና ሕይወትን የሚለይ ሌላ ዕቃ ካላችሁ አምጡና አሳዩኝ።» ብርጭቆው በእውነትም ነጮቹን ብቻ ሸፈነ። ልጅሽ ፈገግ ስትል አየኋት።

ሻለቃው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «መልካም» አሉ፣ «እሱ የሚያወራው ስለ አሮጌው ነው። አሮጌው ከሺህ በላይ ጥይት ይሸከማል፤ ሰውየው ተዝናንቶ ይመላለሳል። የአዲሱ ሁለት መቶ እንኳን አይሞላም፤ ቃታውን ይዘሽ እንደምን ዋላችሁ ብለሽ ሳትጨርሺ ያልቃል። ፍጥነቱ ደግሞ አለ። ከላይ ወርደሽ ያንን ብርጭቆ በዓይንሽ ካገኘሽበት ጊዜ ጀምሮ ቀና ማለት እስካለብሽ ድረስ አንድ ጉንጭ ሻይ አትውጪም። ከዚህ ሁሉ በላይ ቆዳው ስስ ነው። ከሩቅ እንዲያይ፣ እንዳይታይ ተደርጎ የተሠራ ነገር ነው። እሱን ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ወደሚያገኝበት ማውረድ በሐር ቀሚስ ማገዶ እንደመልቀም ነው።» የመጨረሻዋን ለኔ ብለው እንደጨመሯት ገብቶኛል። ደህና ተናግረዋል። ሁለተኛውን ደወል መታሁ።

ጸጉር ሠሪዋ ካውያዬን ልትመልስ በሩን ከፍታ የገባችው ይኸኔ ነው። ሻለቃው ለመትረየሱ እንዲከራከሩ ተራቸው ነበር። ቆሙና «መትረየስ ጥሩ ነው። ሃምሳ አለቃው ስለወደደው ጥሩ ነው። አበቃሁ» አሉ፤ ልጅሽንም ጠቀሷት። እህቴ፣ ደሜ ፈላ። አንዲት ልጅ ዕድሜዋን ልትሰጥበት የተቀመጠችበትን ነገር መቀለጃ ማድረግ! ምርኩዜን አንስቼ ወንፊቱን መታሁትና «አንተ! እንደገና ጀምር!» አልኩ። ወንፊቱ ተንከባሎ ቅልጥማቸው ላይ አረፈ። ያመማቸው ቅልጥማቸው አይመስለኝም፤ እናታቸው ካረፉ ወዲህ አንተ ያላቸው ሰው የነበረ አይመስልም። ጸጉር ሠሪዋ ካውያውን ወንበር ላይ ጥላ ወጣች፤ የተረፈውን ስላልሰማች ነው ለአንቺም ያልነገረችሽ። እርሳቸውም የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ቅልጥማቸውን አሻሹ፣ የጃኬታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ እንደ ተማሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ከላይ ሆኜ ስበር» አሉ፣ «ከታች የሚጠራኝ ሰው ድምፅ በጆሮዬ ነው። ሲያለከልክ እሰማዋለሁ። በፊቴ ባለው መስታወት ላይ ግን እሱ ነጥብ ነው። ድምፁና ነጥቧ አንድ ሰው መሆናቸውን አምናለሁ እንጂ አላይም። መትረየሱን ልጠቀም ካልኩ የግዴን እወርዳለሁ፤ ከወረድኩ አያለሁ። ጥይቴ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ሳላይ አልተኩስም። ቦምብ ከለቀቅኩት በኋላ ተሳስቻለሁ ብል አይመለስልኝም፤ ከቃታው ላይ ግን ጣቴን ባነሳ ያቆማል። ስለዚህ መትረየሱ ከታች ላለው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። አብራሪውን ሰው ያደርገዋል።» ተቀመጡ። ሃምሳ አለቃው አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። «ይህን ከየት አመጡት?» ቢላቸው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሴትዮዋ ስትጮህብኝ መጣ» አሉ።

የሃምሳ አለቃው ተራ ደረሰ። መትረየሱን መቃወም ነበረበት። ይቀልዳል ብዬ ምርኩዜን ይዤ ጠበቅሁት። እሱ ግን ሄዶ ከጠመኔው ምሽግ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ ሁልጊዜ እንደሚጮህ ታውቂያለሽ፣ ያን ቀን ግን እንድንጠጋ እስኪያስገድደን ድረስ ዝግ ብሎ ተናገረ። ያቺን የኮቱን ቁልፍ በጣቱ እየነካ «አንድ ቀን ልክ እንዲህ ሆነን ነበር» አለ። «የሲጋራቸው ሽታ ይደርሰን ነበር። ጠራን፤ አንዱ መጣ። ዝቅ ከማለቱ የተነሳ የራስ ቁሩን ቀለም አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ተኮሰና ዞረ። ሁለተኛ ሲተኩስ መሃል ላይ ጥይቱ አለቀበት። ድምፁ ሲቋረጥ ሰማነው፤ እነሱም ሰሙት። በቃ ሄደ አልን። ሦስተኛ ተመለሰ። ባዶውን። በጩኸቱ ብቻ አንገታቸውን ሊያስደፋቸው። ደፉ፤ እኛም ያኔ ሮጠን ወጣን። እሱ ቀና አላለም። ከጀርባችን ወደቀ፤ ይቺም ጆሮ ከዚያን ቀን ወዲህ የለችም።» ወደ ልጅሽ ሳያይ ጨመረ። «እንግዲህ በዚህኛው ጎን ቁም ካላችሁኝ የምለው ይህን ነው። መትረየስ ያለው ሰው ይወርዳል። ባይኖረው ባልወረደ። ቢኖር ዛሬ የሻለቃ እኩያ ነበር፣ ዳማም ይጫወት ነበር። ይቺን ልጅ አታስወርዷት።»

ለስንት ዘመን አብረው ዳማ ሲጫወቱ ሻለቃው ይህን ሰምተው አያውቁም፤ እኔም ብሆን። በዚያ ካውያ በገባው ሱሪያቸው ወለሉ ላይ ከጎኑ ተቀመጡና «ባዶ መሆኑን ያውቅ ነበር ትላለህ?» አሉት። ሃምሳ አለቃው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አብራሪው እርስዎ ነዎት» አለ።  «ያውቃል» አሉ ሻለቃው። «የቀረው ጥይት ዓይኑ ፊት ተጽፎለት ነው የሚበረው። ያውቃል።» ልጅሽ መቆንጠጫዋን እንደያዘች ነበረች። አላለቀሰችም፤ አንቺ እንዳትደነግጪ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ደወሏ ጉልበቴ ላይ ነበረች፤ ሦስተኛውን መምታት ረሳሁ። እኔ! በዚህ ምክንያት ሁለቱ ሰዎች እስከ ዛሬ ወደ ጎናቸው አልተመለሱም። ሻለቃው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጡ የመትረየስ ጠበቃ ሆነዋል፤ ሃምሳ አለቃው ደግሞ ከፍታ፣ ከፍታ ይላል። ይህን እየጻፍኩልሽ ሳለ በመስኮቱ በኩል ድምፃቸው ይሰማኛል። «መውረድ አለበት!» ይላሉ አንዱ፤ «ምን አባቱ ሊያደርግ ይወርዳል?» ይላል ሌላው። ለማያውቃቸው ሰው ሻለቃው እግረኛ፣ ሃምሳ አለቃው አብራሪ የነበሩ ይመስላሉ።

ፍርድ ግን መስጠት ነበረብኝ። ሰኞ ጠዋት ልጅሽ ሳህን እያጠበች «አክስቴ፣ ማን ረታ?» አለችኝ። እንዲህ አልኳት፤ የአዲሱ ጄት መትረየስ ለሌላ ሰው የተሰፋ ኮት ነው። ብርድ በያዘሽ ቀን ብትለብሺው ያሞቅሻል፣ ሌላም ከሌለሽ መልበስ አለብሽ። ክንድሽን እስከ ላይ ካነሳሽ ግን ብብቱ ይተረተራል። ለኔ ተሰፍቷል ብለሽ እንዳትታለይ፤ አጭር ነው፣ ጠባብ ነው፣ ገበሩም ስስ ነው። ሳቀችና «እና ብርዱ ሲመጣ ልልበሰው?» አለች። እኔ ያልኩት ክንድሽን እስከ የት እንደምታነሺ እወቂ ነው አልኳት። ከዚህ በላይ ወደየትም አልገፋኋትም። ይህ ነው ጥፋቴ፣ ጥፋት ከሆነ።

አርብ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ከጠረጴዛው ላይ ዳቦ ቆረሰች፣ ቆማ እየበላች «አዲሱን አልኳቸው» አለች። ሻለቃው ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ፤ የመትረየስ ጠበቃ መሆናቸውን ረስተው ለእናቷ ላብስር ብለው ስልክ አወጡ። እጃቸውን ያዝኳቸው። «ምክንያቷን ሳንሰማ የምን ብስራት ነው?» አልኳቸው፤ አንቱ ብዬ፣ በትሕትና። ልጅሽ ዳቦዋን ዋጠችና እንዲህ አለች። «አሮጌዎቹ እየቀሩ ነው። ጥቂት ዓመት ነው የቀራቸው። ከዚያ በኋላ እግረኛው ሲጠራ የሚሰማው አዲሱ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው መትረየሱ ለምን እንደተቀመጠ የሚያውቅ ይሁን ብዬ ነው።» ሃምሳ አለቃው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አለ፣ «በየትኛውም ጎን ብንቆም ልጅቱ ልትወርድ ነው!»

እህቴ፣ እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አዲሱን መረጠች ብዬ ብጽፍልሽ ሐሰት አይሆንብኝም፤ አንቺም ደስ ብሎሽ ታድሪ ነበር፤ ጸጉር ሠሪዋም ታፍር ነበር። ልጅሽም በስልክ ሳትነግርሽ ለኔ ብዕር የተወችው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ እጅጌ የጎደለው ቀሚስ ሰፍቼ አስረክቤ አላውቅም። የለመንሻትን ከፍታ መርጣልሻለች። የመረጠችው ግን ሲጠሯት ለመውረድ ነው። ይህን ከኔ ስሚው፤ ሌላ ቀን ከሌላ አፍ ከምትሰሚው።

ቅዳሜ ጠዋት ስሸኛት እኔም እንደ አንቺ ሆንኩ። በሩ ላይ ያዝኳትና «ጥይቱ ካለቀ በኋላ አትመለሽም፤ ቃል ግቢልኝ» አልኳት። አየችኝ፤ የአባታችን ዓይን ነው ያላት። ግራና ቀኝ ሳመችኝና «ጥይቴን እቆጥባለሁ አክስቴ» አለችኝ። ይህ ለጠየቅኳት መልስ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ዋሽታኝ እንድትሄድ አልፈለግኩም፤ እሷም ልትዋሸኝ አልፈለገችም፤ እንዲህ ሆነን ተለያየን።

ከሄደች በኋላ ቁልፎቹን ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ። ሁሉም በቦታቸው ነበሩ፤ ከሁሉ ፊት የነበረችው የሃምሳ አለቃው የኮት ቁልፍ ግን የለችም። ከሶፋው ሥር በምርኩዜ ፈለግኳት፣ ምንጣፉን ገለጥኩ። ሃምሳ አለቃው በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ተዪው ቲቸር፣ አትድከሚ። ይዛኝ ሄዳለች» አለ። ኮቱን በእጁ ጨምድዶ ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ቁልፎቹን ትቼ ተነሳሁ፤ ወለሉ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

ማክሰኞ ትደውልልሻለች። ስለ ከፍታ አትጠይቂያት። ስለ ምግቧ ጠይቂያት፣ ስለ አልጋዋ፣ ብርድ ልብሱ ይበቃት እንደሆነ። ደስ እንዳለሽም ንገሪያት፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ አይከብድሽም። እኔን መቆጣት ካማረሽ ግን ተቆጪኝ። የዕድሜ ታላቅሽ ነኝ፣ ፊደል ያስቆጠርኩሽ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ዝም ማለትሽን ግን አልችለውም፤ ሰባት ቀን ሙሉ ስልኩ ሲጮህ እየሰማሽ ዝም ማለትን ማን አስተማረሽ? እኔ አይደለሁም።

ለልጆችሽ አባት ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቃቸው አንገታቸውን በሱፍ ይጠቅልሉ፣ የኔን ግራጫ ሻርፕ ልኬላቸዋለሁ። ለአማትሽ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ዓይናቸው ከተከፈተ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ጠርዝ ይዩትና ጠማማ ካገኙ ይንገሩኝ። ትልቁ ልጅሽ ጽሑፉን ያስተካክል፤ ባለፈው የላከልኝን ለማንበብ አጉሊ መነጽር አስፈልጎኛል። ሚስቱ የማኅፀንዋን ፍሬ በሰላም ትገላገል ዘንድ ምኞቴ ነው፤ ለሕፃኑ ሁለት ሹራብ ጀምሬያለሁ፣ ቀለሙ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ሻለቃውና ሃምሳ አለቃው ሰላም ይሉሻል፤ ሻለቃው አደራሽን ባለመወጣታቸው ያፍራሉ፣ እንዳታነሺባቸው። ጸጉር ሠሪዋ ከደወለች የቅልጥሙን ነገር አስተካክለሽ ንገሪልኝ።

ነገ ከሁሉ በፊት ይህን ደብዳቤ ከሻርፑ ጋር ለአገር አቋራጩ አውቶቡስ ሾፌር አደርሳለሁ፤ ሲመሽ እጅሽ ይገባል። ስመለስ ቁልፎቹን ሰብስቤ ወደ ጣሳቸው እመልሳለሁ፣ ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋለሁ፣ ወንፊቱንም አጥቤ እሰቅላለሁ። ከጥቁር ካፖርቴ ላይ የታችኛዋን ቁልፍ ፈትቼ የሃምሳ አለቃው ኮት ላይ እተክላለሁ፤ ትንሽ ትበልጣለች፣ ቀዳዳውን አሰፋዋለሁ። ሁለቱም ለሻይ ሲቀመጡ ሦስተኛውን ደወል እመታና ወደየጎናቸው እመልሳቸዋለሁ፣ እሺ ካሉኝ። ሲመሽ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ፣ እደውልልሻለሁ። አንሺው።

ታላቅ እህትሽ

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው የስፌት ጠረጴዛ
እሑድ፣ ኅዳር ፱ ቀን